ባልዲው ውስጥ ያደረው እንግዳ

ደግ ሠራሁ ብዬ የተጸጸትኩበት ነገር አለ። ትንሽ ነገር ነው። ሰው ፊት ሳወራው ያስቃል። እኔን ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

በፈረንጆቹ 2018፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ። ቤቱን ከገዛን ገና አራት ወራችን ነበር። ጓሮው ጥግ፣ አጥሩ ሥር፣ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ትተዋቸው የሄዱ የሲሚንቶ ንጣፎች ተከምረዋል። ለጎመን መደብ ላወጣ አስቤ አንድ በአንድ አነሳቸው ጀመር። የመጨረሻውን ገልበጥ ሳደርገው ከሥሩ አንድ ፍጥረት ተኝቷል። ርዝመቱ ከመሃል ጣቴ ብዙም አይበልጥም። ቡናማ ነው። አራት እግርና ረዘም ያለ ጭራ አለው። ሆዱ ብርቱካንማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። ገበሎ መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እሱ ግን አልተነቃነቀም። በእንጨት ነካ አደረግሁት። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ አንዷን የፊት እግሩን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ብርድ ልብስ የተገፈፈ ሕፃን ነው የሚመስለው።

ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ ስፈልግ ኒውት ይለዋል። የእንቁራሪት ዘመድ ነው፤ እንቁራሪት አስተኔ። ይህን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! የሳይንስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ይጽፉታል፣ እኛ ደግሞ በአንድ ድምፅ እንጮኻለን። ዓሣ፣ እንቁራሪት አስተኔ፣ ገበሎ አስተኔ፣ አዕዋፍ፣ አጥቢ። "እንቁራሪት አስተኔ ማለት ምን ማለት ነው?" "በውሃና በየብስ የሚኖር!" ከዚያ ሁሉ ጩኸት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው "ውሃ" የሚለው ብቻ ነበር።

ስለዚህ አዘንኩለት። ውሃ አጥቶ እዚህ ደርቆ ሊሞት ነው አልኩ። ቤት የምንወለውልበትን ባልዲ አጥቤ ከቧንቧ ስንዝር የማይሞላ ውሃ ቀዳሁና ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። እግሮቹን ዘርግቶ ወደ ታች ወረደ። "አየህ፣ ቤቱን አገኘ" አልኩ ለራሴ። ቅዳሜ መናፈሻው ውስጥ ያለው ሐይቅ ወስጄ ልለቀው ወሰንኩ። ባልዲውን ግድግዳው ጥግ አስቀምጬ ሥራ ገባሁ። ሦስት ቀን የሌሊት ፈረቃ ነበረኝ። ሦስቱንም ሌሊት ውርጭ ጣለ።

ቅዳሜ ጠዋት ባልዲው እስከ ታች ድረስ በረዶ ሆኗል። እሱ መሃሉ ላይ አለ፤ አራቱን እግሮቹን እንደዘረጋ፣ መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል።

ባልዲውን ይዤ ቆሜ ሳለ ጎረቤቴ በአጥሩ በላይ አዩኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ። እጃቸው ሁልጊዜ አፈር ነው። ቀረብ ብለው ወደ ባልዲው ተመለከቱ።

"ማነው ውሃ ውስጥ የከተተው?"

"እኔ ነኝ። የውሃ እንስሳ መስሎኝ።"

ዝም አሉ። ከዚያ በዝግታ ነገሩኝ። ኒውት ውሃ የሚገባው ለመራባት ነው፤ ከብርዱ መውጫ እስከ ፈረንጆቹ በጋ መጀመሪያ ድረስ። የቀረውን ጊዜ አብዛኛው የብስ ላይ ነው የሚኖረው፤ ድንጋይ ሥር፣ ግንድ ሥር፣ የአፈር ስንጥቅ ውስጥ። ብርዱ ሲመጣ እዚያው ይደነዝዝና ይተኛል። የኔ ባልዲ ደግሞ ግድግዳው ልሙጥ ነው፤ ለደነዘዘ እግር መውጫ የለውም።

"ድንጋዩን መልሰህ ብታስቀምጥለት ይበቃው ነበር" አሉኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጣ ቢሆን ተሟግቼ እረሳው ነበር። ይቺ "ይበቃው ነበር" የምትለዋ ግን ሌሊት ሌሊት እየመጣች ትቀሰቅሰኝ ጀመር። ምንም ባላደርግ ይድን ነበር ማለት ነው። ክፉ አላሰብኩም። እንዲያውም ከቤት ወጥቼ ባልዲ አጥቤያለሁ! የገደለው ያው መልካም ሐሳቤ ነው። ሰው ክፉ ሠርቶ ንስሐ ይገባል። ለዚህ ግን ምን ተብሎ ነው ንስሐ የሚገባው?

የእንግሊዟ ማሞቂያ

ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። እዚህ አገር የገባሁት በጥር ነው። መጀመሪያ ያረፍኩበት መኖሪያ ኃላፊ የነበረች ሴት ደግነቷ ለጉድ ነው። "ከአፍሪካ ነው የመጣው፣ ብርዱ ይገድለዋል" ብላ ክፍሌ ውስጥ ያለውን ማሞቂያ እስከ ጥጉ ከፈተችው። ሁለት ብርድ ልብስ ጨመረች። ማታ ማታ በሩን አንኳኩታ የማሞቂያውን ብረት በመዳፏ ነካ ታደርግና ፈገግ ብላ ትሄዳለች።

እኔ እኮ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያደግሁት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ የባቄላ ማሳ አቃጥሎ ያድራል። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ሜዳው ላይ ባቆረው ውሃ ላይ የተጋገረችውን ስስ በረዶ በጫማችን ተረከዝ እየሰበርን ነበር። ከበሬሳ ወንዝ ማዶ የሚመጣውን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እና ያቺ ሴትዮ ክፍል ውስጥ ለሦስት ወር በላብ ታጠብኩ። ሌሊት ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ። እሷ ጠዋት ትመጣና "የሳንባ ምች ይይዝሃል" ብላ ትዘጋዋለች። አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳትም። ይሉኝታ! ደግ ሰው ፊት ላይ ምን ብለህ "ተዪኝ" ትላለህ? ማታ ማታ "አመሰግናለሁ" እያልኩ አሳለፍኩት።

እሷ ስለኔ አንዲት መስመር ታውቅ ነበር፤ አፍሪካ፣ ሙቀት። እኔም ስለ ኒውቱ አንዲት መስመር ነበረችኝ፤ እንቁራሪት አስተኔ፣ ውሃ። ልዩነቱ እኔ መስኮት መክፈት እችል ነበር።

ደግሞ በኋላ ሳነብ ያቺ አንዲት መስመር ለኛው አገር እንስሳ እንኳ እንደማትሠራ አየሁ። ባሌ ተራሮች ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ጉርጥ አለች። እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ ነው የምትጥለው። ስንጮህ የኖርነው ሁሉ ለእሷ ቢነገራት ትስቅብን ነበር።

የቆመ ውሃ

እንግዲህ ያንን ኅዳር ካለፍን በኋላ ኩሬ ለመቆፈር ወሰንኩ። ካሳ መክፈል በሉት፤ ግድ የለም።

ባለቤቴ የአርባ ምንጭ ልጅ ናት። ለእሷ የቆመ ውሃ ማለት ወባ ማለት ነው። "ጓሮዬ ውስጥ? በገዛ እጅህ? ቢምቢ ልትጠራብን ነው?" እንግሊዝ አገር ወባ የለም ብላት፣ ቢንቢስ የለም ወይ ትለኛለች። አለ። ኒውት የቢንቢ እጭ ይበላል ስላት ደግሞ፣ "እነሱ እስኪመጡስ ማን ይበላልሃል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ትልቅ ነገር ነበር። ፏፏቴ፣ ድልድይ፣ መብራት። እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ዋጋውን ሳይ ወደ ልኬ ተመለስኩ። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል። መሃሉ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፤ ከዚያ በላይ ጎረቤቴ አያስፈልግም አሉኝ። ዋናው ጥልቀቱ አይደለም፣ ዳሩ ነው። አንደኛው ወገን ቀስ እያለ ሄዶ ሄዶ ከሣሩ ጋር እኩል እንዲሆን አደረግሁት፤ ከብት ውሃ የሚጠጣበት የበሬሳ ዳር ዓይነት። የገባ ሁሉ በእግሩ መውጣት አለበት። ባልዲውን እያሰብኩ ነበር የምቆፍረው።

ከሥር አሮጌ ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ ከላዩ የኩሬ ላስቲክ። የቧንቧ ጎማ ስዘረጋ ጎረቤቴ በአጥሩ በላይ "ቆይ! ቆይ!" አሉ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ለተክል የሚሆን ማዳበሪያ ነገርም ይዞ ይመጣል። በሳምንቱ ኩሬው አረንጓዴ ሾርባ ይሆናል። ያ ሾርባ በትምህርት ቤት አማርኛ "ዋቅላሚ" የምንለው ነው። ዝናብ ይሻላል አሉ። የአሸንዳውን ቱቦ ወደ በርሜል፣ ከበርሜሉ ወደ ኩሬው አዞርኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሊድስ በሌላው ነገር ይንፈግህ እንጂ በዝናብ አይነፍግም።

ውሃው ሳይሞላ ነው እንግዶች መግባት የጀመሩት። ውሃ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱ ቀጫጭን ነፍሳት፣ በጀርባቸው የሚቀዝፉ፣ ጥቁር ጥንዚዛዎች። በክንፍ ነው የሚመጡት። ማን እንደነገራቸው እንጃ። ለባለቤቴ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር፤ የቢንቢውን እጭ እነሱ ቀድመው ጀመሩት።

ከዚያ ስህተት ቁጥር ሁለት። አንድ ጓደኛችን ለቡና መጥቶ "ባዶ ኩሬ ምን ያደርጋል?" ብሎ በሳምንቱ ሁለት ወርቃማ ዓሣ በፌስታል ይዞልን መጣ። ይሉኝታ አሁንም! ለቀቅኋቸው። በ2020 መጋቢት አንድ ጠዋት ኩሬው ዳር ላይ እንደ በሶብላ ፍሬ ተነክሮ ያበጠ የእንቁራሪት እንቁላል ተከምሮ አገኘሁ። ያኔ ሁላችንም በኮቪድ ምክንያት ቤት ተዘግቶብን ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ዜና አልነበረንም። ተፈለፈሉ። ጥቁር፣ ጭራ ብቻ የሆኑ፣ በመቶ የሚቆጠሩ። ሰኞ ውሃው በእነሱ ጠቁሯል። በቀጣዩ ሰኞ አንድም የለም። ዓሦቹ ወፍረው ነበር። ኒውት የሚፈልግ ሰው ዓሣ እንደማያስገባ ያን ጊዜ ተማርኩ። ዓሦቹን የመስታወት ገንዳ ላለው ሰው ሰጠሁ። ለጓደኛዬ "ሞቱ" አልኩት፤ ይህን ካነበበ ይቅር ይበለኝ።

የብሱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከኩሬው ጀርባ የግንድ ክምር ሠራሁ፤ ግማሹን መሬት ውስጥ ቀብሬ። ሣሩን አንድ ወገን ማጨድ አቆምኩ። ቅጠል ሲረግፍ አልጠርግም። ቤታችን የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ ጓሮውን አይቶ "አመመህ እንዴ?" ይለኛል። እኛ ጓሮ ማለት የተጠረገ ነው። አያቴ ደጇን በቀን ሁለቴ ነበር የምትጠርገው።

ከሁሉ የከበደኝ ጎመኑ ነበር። እዚህ አገር ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ አለ፤ ዝልግልግ ነገር። አንድ ሌሊት ዝናብ ሲጥል የጎመን ችግኝ ወንፊት አድርጎት ያድራል። እኔ ሰማያዊ እንክብል እበትንበት ነበር፤ መርዝ ነው። ትንሿን የእንግሊዝ ጃርትም ወፉንም ይጎዳል። ሜታልዲሃይድ የሚባለው ያ መርዝ በ2022 እዚህ ከቤት ውጭ እንዳይውል ተከለከለ። እኔ ቀደም ብዬ ተውኩት፤ በጽድቅ ሳይሆን ጎረቤቴን ፈርቼ። ትንንሾቹን ቀንድ አውጣዎች ኒውትና እንቁራሪት ይበሏቸዋል አሉኝ። እንግዳህን ጠርተህ ወጡ ውስጥ መርዝ ትጨምራለህ ወይ ነው ነገሩ።

ሁለት ብቻ፣ በጠርሙስ

ያም ሆኖ በ2020 ኒውት አልመጣም። ብግን ያደረገኝ ጎረቤቴ ኩሬ ውስጥ መሙላታቸው ነው። ከኔ ኩሬ ቢበዛ አሥራ አምስት ሜትር ቢርቅ ነው። መሃላችን ያለው አጥር ብቻ።

አንድ ቀን የማርማላታ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። "ሁለት ብቻ ይስጡኝ። ወንድና ሴት።"

"እንደ ኖኅ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ እምቢ አሉ።

ምክንያታቸው ረጅም ነበር። አንደኛ በሽታ አለ። ራናቫይረስ የሚባል እንቁራሪት የሚፈጅ፤ ሌላ ደግሞ ቆዳ ላይ የሚወጣ ፈንገስ። ይህ ፈንገስ በብዙ የዓለም ክፍል እንቁራሪት ጨርሷል፤ የኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል። ሰው ከኩሬ ወደ ኩሬ በጠርሙስ ሲያመላልስ ሳያውቅ ያዛምተዋል። ሁለተኛ ተክሉ ነው። ከውሃው ጋር አንዲት ቁራጭ ቅጠል ትመጣና ኩሬውን ሁሉ ትወርሰዋለች። እንቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ለኔ መንገር አያስፈልግም። እዚህም አምስት የውሃ ተክሎች እንዳይሸጡ በ2014 ታግደዋል። ሦስተኛው ግን ቆዳዬ ውስጥ ገባ። "ካልመጡ ለምን እንዳልመጡ ምክንያት አለ። ተሸክመህ ብታመጣቸው ምክንያቱ እንዳለ ነው፤ እነሱ ናቸው የሚሞቱት። ምን እንደጎደለ ፈልግ።"

እንዲያውም ዝርያው ሌላ ቢሆን ጠርሙሱ ራሱ ያሳስረኝ ነበር። እዚህ አገር ሦስት ዓይነት ኒውት አለ። ትልቁ፣ እስከ 17 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው፣ ጀርባው ላይ እንደ መጋዝ የተሰነጠቀ ጉትዬ ያለው፣ በሕግ የተጠበቀ ነው። ያለ ፈቃድ መያዝም ማደሪያውን ማፍረስም ወንጀል ነው። እሱ ከተገኘ ፎቅ የሚሠራ ሰው ፈቃድ እስኪያገኝ ይቆማል። በ2020 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን አደባባይ ወጥተው የኒውት ቆጠራ ሥራ አዘገየብን ብለው አማረሩ። የለንደን ከንቲባ የነበሩት ኬን ሊቪንግስተን ደግሞ ኒውት በማርባት የታወቁ ናቸው። አገር ማለት እንዲህ ነው፤ የአንዱ ፖለቲከኛ ምሬት የሌላው ፍቅር ነው። የኔና የጎረቤቴ ግን ትንሹና ተራው ዓይነት ነው። እሱን መሸጥ ነው የተከለከለው።

ምን እንደጎደለ ለማወቅ በአራት እግሬ መሄድ ነበረብኝ። እውነቴን ነው። አንድ እሑድ ሣሩ ላይ ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ከመሬት ስንዝር አድርጌ ከግንዱ ክምር ወደ አጥሩ ሄድኩ። ባለቤቴ በመስኮት እያየችኝ ነበር፤ ምንም አላለችም፤ መጋረጃውን ብቻ ዘጋች። አጥሩ ጋ ስደርስ አየሁት። ከእንጨቱ አጥር ሥር ጥግ እስከ ጥግ የሲሚንቶ ሳንቃ ገብቷል። ልሙጥ ነው፤ ቀዳዳ የለው፣ ስንጥቅ የለው። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኩሬውን የቆፈርኩ ሰሞን፣ እንጨቱ እንዳይበሰብስ ብዬ። ሌላ ባልዲ ሠርቻለሁ ለካ፤ ይሄኛው በቁመት እንጂ በክብ አይደለም።

ጎረቤቴን አስፈቅጄ ከሳንቃው ሥር ሁለት ቦታ አፈሩን ፈለፈልኩ። ሦስተኛ ቦታ ላይ ለትንሿ የእንግሊዝ ጃርት 13 ሴንቲ ሜትር በ13 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ከፈትኩ። ልኩ እሱ ነው አሉኝ። ድመቷም ትገባበታለች፤ አልተጠራችም ነበር።

ቤት ለእንግዳ

በ2021 መጋቢት አጋማሽ። ለሳምንታት ደረቅ ብርድ ነበር። አንድ ማታ ለብ ያለ ዝናብ ጣለ። ጎረቤቴ ቀድመው ነግረውኛል፤ ብርዱ ሰበር ብሎ ሌሊት ሲዘንብ ነው የሚንቀሳቀሱት። ባትሪ ይዤ ወጣሁ።

ሣሩ ላይ ነበር። ወደ ኩሬው እየሄደ። አካሄዱ ጠጅ እንደቀማመሰ ሰው ነው፤ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ከዚያ ቆም ብሎ ያስባል። አንድ እርምጃ ለመሄድ የሚፈጅበት ጊዜ እኔን አንቆኛል። መብራቱን ወደ መሬት ዝቅ አደረግሁ። ልጅ ሆነን ማታ በር ሲንኳኳ፣ "የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ" የሚል ድምፅ ሲመጣ፣ አባቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ "ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ" ይሉ ነበር። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ዝናቡ ላይ ቆሜ፣ በአማርኛ፣ ለኒውት።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሥራዬ ኩሬው ዳር መቆም ሆነ። ወንዱ ውሃ ከገባ በኋላ ሌላ ሰው ይሆናል። ከአናቱ እስከ ጭራው ጫፍ የተወዛወዘ ጥልፍ መሳይ ጉትዬ ያወጣል፤ ነጠብጣቡ ይደምቃል። ሴቷ ፊት ይቆምና ጭራውን ወደ ጎኑ አጥፎ ያርገፈግፈዋል። ትከሻ የለውም እንጂ እስክስታ ነው። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ጥላው ትሄዳለች። እሱ ዞሮ ከፊቷ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል።

ቀልቤን የወሰደው ግን እንቁላሉ ነው። እንቁራሪት እንቁላሏን ዘርግፋ ትሄዳለች። የኒውት ሴት አንድ በአንድ ነው የምትጥለው። ጎረቤቴ "አትርሳኝ" የምትባለዋን ሰማያዊ አበባ የምታወጣ የውሃ ተክል አስተክለውኝ ነበር፤ ቅጠሏ ለስላሳ ነው። አንድ ማታ ሴቷ ቅጠል መርጣ አሸተተች፤ ትታ ሌላ ሄደች፤ ተመለሰች። ከዚያ በሁለቱ የኋላ እግሮቿ ቅጠሉን ይዛ ወደ ራሷ አጠፈችው። ትንሽ ቆየች። ስትለቀው ቅጠሉ እንደ ሳምቡሳ ተጣጥፎ፣ ተጣብቆ ቀረ። ውስጡ አንዲት ትንሽ ፍሬ፣ በጠራ ዝልግልግ ተከባ። ወዲያው ወደ ሌላ ቅጠል ሄደች። በአንድ ወቅት ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ትጥላለች፤ እያንዳንዷን እየጠቀለለች። በነጋታው ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት የታጠፉ ቅጠሎች። አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። እጄ እየበላኝ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስንል ምሳሌ ነው፤ እዚህ ግን ቃል በቃል ሆነ። ያውም በየትኛው እግር እንደሚጀምር አየሁ። የእንቁራሪት ልጅ ቀድሞ የሚያወጣው የኋላውን ነው፤ የኒውት ልጅ የፊቱን። አንገታቸው ሥር እንደ ላባ የተበተነ የሚተነፍሱበት ነገር አለ። ነሐሴ ላይ እሱን አውልቀው፣ የክብሪት እንጨት የሚያህሉ ሆነው፣ በዚያ በተዳፋቱ ዳር ወጡ። ለመራባት የሚመለሱት ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ስሙን ማን ያውጣለት

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ቪዲዮውን ልኬላት ደወልኩ።

"እንሽላሊት ነው?"

"አይደለም እማዬ። ኒውት ይባላል።"

"በአማርኛ ማን ይባላል?"

የለውም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ኒውትም ሆነ ዘመዱ ሳላማንደር የለም። ኢትዮጵያ ከ60 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነት አላት፤ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሌላ የትም አይገኙም። ጭራውን ይዞ የሚያድግ ግን አንድም የለም። ይህን ሁሉ አስረዳኋት።

"ታዲያ ደጃችን ላልመጣ እንግዳ ስም ከየት ይምጣለት?" አለችኝ። ቀጥላ "አይናከስም?" አይናከስም። "እንግዲህ ይኑር" አለችና ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመርን።

ያለፈው ኅዳር፣ የወጥ ቤቱ በር ፊት ያለች አንዲት ንጣፍ ድንጋይ መወዛወዝ ጀመረች። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ቡና ይዛ ስትወጣ አደናቀፈቻት። "ዛሬ ካላስተካከልክ እኔ አነሳታለሁ" አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት መዶሻና አሸዋ ይዤ ወጣሁና በአንድ ወገን ቀና አደረግኋት። ሁለት ናቸው። አንዱ የአንዱ ጭራ ላይ አገጩን አስደግፏል። አልነካኋቸውም። ድንጋዩን ትንፋሼን ውጬ መልሼ አስቀመጥኩት። ትክክል እንኳ አልተቀመጠም።

"ጨረስክ?" አለች ከውስጥ።

"ሚያዝያ ላይ እሠራዋለሁ።"

ብቅ አለች። እኔን አየችኝ፣ መዶሻውን አየች፣ ያልተነካውን አሸዋ አየች። ምንም ሳትጠይቀኝ ተመልሳ ገባች። ስትወጣ ቀዩን የፕላስቲክ ወንበር ይዛለች። ሰው እንዳይረግጣት ድንጋይዋ ላይ አስቀመጠችው፤ እግሮቹ ከድንጋይዋ ውጭ መሬት መንካታቸውን ጎንበስ ብላ አየች።